የአባቴ የክርስትና ልጅ

ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ አልጋ ነበረኝ ብል ውሸት ነው። አልጋው አለ፤ የምተኛበት ግን ቤታችን እንግዳ ሲጠፋ ብቻ ነው። እንግዳ ደግሞ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም።

ሳውዝ ሲ ያለው ቤታችን ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ ከጓሮ ደግሞ አንዲት ጠባብ የሠራተኛ ክፍል። ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ያለችውን ክፍል ሁሉም ሰው «ኤስ ኪው» ነው የሚላት። ሌላው ቤተሰብ ማደሪያ ያጣ ሰው ሲመጣበት እዚያ ያስተኛዋል። አባቴ ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን «የእግዜር እንግዳ ጓሮ አያድርም» ይላል። ስለዚህ እንግዳው የእኔ ክፍል ይገባል፤ እኔ፣ አንዲት ልጁ፣ ፍራሼን ተሸክሜ ጓሮ እወርዳለሁ።

አባቴ እንግዳ መቀበልን የተማረው ከአብርሃም እንደሆነ ሲናገር አይደክመውም። እኔ ግን ያ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የማስበው ስለ ሣራ ነው። ዱቄቱን የለወሰችው እሷ ናት።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ በኋላ በሞያሌ በኩል የሚሰደደው ወጣት በዛ። አባቴ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መቆም ጀመረ። ማደሪያ የሌለውን ሰው ሳልጠይቀው አውቀዋለሁ ይል ነበር። ሕዝቡ ሲበተን መሄጃ ያለው ሰው መንገዱን ያያል፤ መሄጃ የሌለው ጫማውን ያያል። በዘጠና ስምንት የካቲት አንድ እሑድ ጫማውን ሲያይ ያገኘውን ቀጠን ያለ ልጅ ይዞ መጣ። ስሙ ጫላ ነበር። የምህንድስና ትምህርቱን ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ነው የተሰደደው።

የቤታችን ሥርዓት አንድ ነው። እንግዳ ምግብ ከመቅመሱ በፊት አባቴ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያጥባል። ማንንም አያስጠጋም፤ ውሃውንም ራሱ ነው የሚያሞቀው። ጫላ እግሩን ሳፋው ላይ ሊያሳርፍ ሲል መልሶ ሳበው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አልተጠመቅሁም።»

እናቴ አስናቀች ፎጣውን እንደያዘች ቆመች።

«ሙስሊም ነህ?» አለ አባቴ ማንቆርቆሪያውን ሳያስቀምጥ።

«አይደለሁም። ምንም አይደለሁም። አባቴ ካድሬ ነበር፤ ሃይማኖት የሚባል ነገር ቤታችን እንዲነሣ አይፈልግም። እናቴ በስውር ላስጠምቀው እንዳለች ሳይሆንላት ሞተች። ቤተ ክርስቲያን የመጣሁትም የአገር ሰው ይገኛል ስላሉኝ ነው።»

አባቴን በደርግ ጊዜ እኔን ሕፃኗን አሳዝሎ ከአገሩ ያስወጣው አንድ የቀበሌ ካድሬ ነው። ይህን ጫላ አያውቅም፤ አባቴም አልነገረውም። ሳቅ ብሎ፣ «ታዲያ እግርህ መቼ ካድሬ ሆነ? ወዲህ በል» አለውና ማጠብ ጀመረ። ጫላ አንገቱን ደፋ። እንባው ሳፋው ውስጥ ጠብ ሲል አየሁት። አባቴም አይቷል፤ ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

እራት ተበልቶ ፍራሼን ተሸክሜ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ።

«የማን ፍራሽ ነው?»

«የኔ።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ጓሮ። አንተ አልጋዬ ላይ ትተኛለህ፣ እኔ ጓሮ እተኛለሁ። አትከራከር፤ አሥር ዓመት ተከራክሬ አልቻልኩም።»

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ የምለብሰውን ልወስድ ሳንኳኳ ተነሥቶ ነበር። አልጋው ትናንት እንዳነጠፍኩት ነው። መሬት ላይ የተኛበት ጋቢ ጥግ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ሰው ጓሮ ልኬ እንዴት አልጋው ላይ እተኛለሁ?»

በአሥር ዓመት ውስጥ ቤታችን ያደረው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ሁሉ እንግዳ አልጋው የሰው አልጋ መሆኑ ትዝ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሰው በምን እንደሚወደድ አላውቅም፤ እኔ የጀመርኩት በዚህ ነው።

ጊጊሪ በሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሰነድ እተረጉም ነበር። ጫላ ቀን ቀን ዌስትላንድስ ያለው የአባቴ ምግብ ቤት ኩሽና ገብቶ ሽንኩርት ይልጣል። የስደተኛ ጉዳዩን ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። እኔ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞምባሳ መንገድ ስደርስ፣ ከስቴጁ፣ ከፌርማታው ማዶ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያ መንገድ ፖሊስ የማይጠፋበት መሆኑን ያውቃል።

«ኪፓንዴ ቢሉህ ምን ልታሳይ ነው?» አልኩት አንድ ቀን። መታወቂያ እንደሌለው እያወቅሁ።

«የቀጠሮ ወረቀቴን።»

«ካልተቀበሉህስ?»

«እኔ እታሰራለሁ፣ አንቺ ቤት ትገቢያለሽ። ዋናው ያንቺ መግባት ነው።»

«ሻውሪ ያኮ» አልኩት፣ እዳው ያንተ ነው ለማለት። ልጅነቴን እዚህ ስላሳለፍኩ ስናደድ ስዋሂሊ ይቀድመኛል። እሱ ግን መናደዴን አላመነም። ፈገግ ብሎ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

ከስቴጁ እስከ ቤታችን ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። እኛ አርባ ደቂቃ እንሄደዋለን። የሳውዝ ሲ ሐበሻ ሁሉ አባቴን ስለሚያውቅ በመካከላችን የአንድ ሰው ቦታ ትተን ነው የምንራመደው። እጄን እንኳ ነክቶኝ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ከስቴጁ እስከ በራችን አንድ ቃል ሳንነጋገር እንደርሳለን። እንዲያ ያለ ቀን ነበር በጣም ደስ የሚለኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ ብርድ ነበር፣ መንገድ ላይ ቆመ።

«ዓይናለም፣ እናንተ ቤት እንግዳ መሆን ከበደኝ።»

«ምን ጎደለብህ?»

«ምንም አልጎደለብኝም፤ የከበደኝም ለዚህ ነው። አባትሽ በእጃቸው ሲያጎርሱኝ እኔ የማየው ልጃቸውን ነው። ይሄ ሌብነት ነው።»

«እኔም አይቼሃለሁ» አልኩት። «እንግዲህ ሌባው ሁለት ነው።»

ያን ምሽት ለአባቴ ሊነግረው ቆርጦ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ። «ባጎረስኩ ተነከስኩ ይልሃል» አልኩት። እንግዳ ተቀብሎ፣ እንግዳው የቤቱን ልጅ ተመኘ ሲባል አባቴ የሚያፍር መሰለኝ። ደግሞም ካልተጠመቀ ሰው ጋር በቁርባን አልጋባም። ከነገርነው በኋላ ቢጠመቅ፣ ለሴት ብሎ ነው ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠመቅ፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላክ፣ እስከዚያ ማንም አይስማ ተባባልን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ከእኔ የበለጠ አስባ ይሆናል።

ጫላ ከቀሲስ ባንታየሁ ዘንድ መማር ጀመረ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ለደንበኛ ሁሉ ይነግራል። ጫላ መጀመሪያ ላይ የተማረውን እየነገረኝ ይስቅ ነበር፤ ነቢይና ሐዋርያ ይምታታበታል። ውሎ ሲያድር ሳቁ ቀነሰ። የማልመልሰውን ጥያቄ ይጠይቀኝ ጀመር። የኅዳር ጾም ሲገባ እኔ ቢሮ ወተት ያለበት ሻይ እየጠጣሁ፣ እሱ ሥጋ ሲከትፍ ውሎ ጾሙን ይመጣል። አንድ ማለዳ ኪዳን ለማድረስ ሲወጣ በጓሮው መስኮት አየሁት። ወደ እኔ መስኮት ዞር ሳይል አለፈ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

የጥምቀቱ ቀን ጥር ውስጥ እሑድ ሆነ። የክርስትና አባት የሚሆነው አቤል ነበር፤ መዘምር ነው፣ የጫላ ጓደኛ። እኔ ለሽማግሌነት እነማን ይሻላሉ እያልኩ በልቤ እቆጥር ነበር።

ያን ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ መጠመቂያው ስንደርስ አቤል ከሴቶቹ ኋላ ቆሟል።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ጋሼ ትናንት ደውለው ለእኔ ተውልኝ ብለው ለመኑኝ። እንዴት እምቢ እላቸዋለሁ?»

ቀና ስል አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ ከጫላ ጎን ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ስንት ሰው አሳድሬ ሸኝቻለሁ» አለ። «ይሄን ግን አልሸኝም። እንግድነቱ ዛሬ አበቃ። ወንድ ልጅ አልነበረኝም፤ እግዚአብሔር በራፌ ድረስ አመጣልኝ።» ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴም እልል አለች።

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ሕጉን አውቀዋለሁ። የክርስትና ልጅ ከክርስትና አባቱ ልጆች ጋር ወንድምና እህት ነው። አይጋባም። ጫላ ይህን አያውቅም። ቀሲስም ነጥለው አላስተማሩትም፤ ማንን እንደሚወድ አልነገርናቸውማ።

ጫላ በሰው መካከል ፈልጎ አየኝና ፈገግ አለ። ካሰብነው በላይ ተሳካልን የሚል ፈገግታ ነበር።

ቀሲስ ባንታየሁ ከውሃው ሲወጣ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። «እኔ» አለ አባቴ። ከዚያ ጸሎቱ ቀጠለ። ጊዜ ነበረኝ። አንድ እርምጃ ወጥቼ «ቆዩ» ማለት ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ። እናቴ እጄን ይዛለች፤ ከደስታዋ ብዛት ጣቶቼን ታሻቸዋለች። የአባቴን ፊት አየሁ፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ያን ቀን እኔን ሆኖ ቢቆም ምን ይል እንደነበር እንጃ። ጫላ ውሃው ውስጥ ገባ። ስመ ክርስትናው ኃይለ ሚካኤል ሆነ። አባቴ በነጭ ልብስ ጠቅልሎ ተቀበለው። እኔ አፌ እንደተከፈተ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቁርስ ሲበላ፣ ጫላ አዲስ ማተቡን አንገቱ ላይ እየነካካ እኔ ወደቆምኩበት አጥር መጣ።

«አየሽ? ሽማግሌ ሳልልክ ልጃቸው ሆንኩ።»

«ልጃቸው ሆንክ» አልኩት። «እኔም ልጃቸው ነኝ።»

«እና?»

«እህትና ወንድም ይጋባል እንዴ ጫላ?»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። መሄጃ አጥቶ ፊቱ ላይ ቆየ። «እንዲህ አይባልም» አለ። ከዚያ፣ «ቆይ፣ ይሄን እያወቅሽ ነበር?» አለኝ። አውቅ ነበር አልኩት። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሁለታችን ቀሲስ ባንታየሁ ዘንድ ሄድን። ሁሉንም ነገርናቸው። ሲሰሙን ቆይተው ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ያለ ጥምጥም ሽማግሌ መሆናቸውን ያን ቀን አየሁ።

«ልጆቼ፣ ቅዳሜ መጥታችሁ ብትነግሩኝ አባትሽን ከልክዬ አቤልን አስገባ ነበር። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።»

«አሁንስ አባ?» አለ ጫላ።

«አሁን እኔም እንደ እናንተ ነኝ። ያጠመቅሁትን አልፈታውም። ጳጳስ ዘንድ ብትሄዱም መልሱ ይኸው ነው። አብሬያችሁ ላለቅስ እችላለሁ።» እውነትም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ምንም አልጠቀመንም እንጂ።

ከዚያ ስንወጣ ያሰብኩትን ተናገርኩ። «ከተማ ወርደን እንፈራረም። ስንቱ ሰው ተፈራርሞ ይኖራል። ቁርባን ይቅርብን።»

ረጅም መንገድ ዝም ብሎ ሄደ። ይህ ዝምታ ድሮ የምወደው ዓይነት አልነበረም።

«ላንቺ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለ። «እግዚአብሔርም ያውቃል። ግን አመንኩ፣ ዓይናለም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አመንኩ። ላንቺ ብዬ የገባሁበትን ላንቺ ብዬ መውጣት አቃተኝ።»

«ገና አንድ ጾም ጾመህ ነው ለእኔ ሃይማኖት የምታስተምረኝ?»

ይህን በመናገሬ እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ። ያመመኝ ግን እምቢ ማለቱ አልነበረም። እሱን ወደዚያ ውሃ የመራሁት እኔ ነኝ። እሱ እውነቱን አግኝቶ ወጣ፤ እኔ እሱን አጣሁ። ለዚህ በማን ይፈረዳል?

በሳምንቱ ጫላ ዕቃውን ይዞ አቤል ቤት ገባ። ለአባቴ፣ ለቀሲስ ትምህርት ይቀርበኛል አለው። አባቴ አላመነም። አንድ ማታ አብረን በመኪናው ከምግብ ቤቱ ስንመለስ ከዌስትላንድስ መውጫ ላይ የመኪና ጃም ያዘንና ቆምን። መሪውን እንደያዘ ጠየቀኝ።

«እንግዳ ሆኖ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው አብሮኝ ኖረ። ልጄ ከሆነ በኋላ ነው ቤቴን የሚጠላው? ምን አስቀየምነው፣ ዓይኔ?»

ነገርኩት። ከፍራሹ ጀምሬ እስከ ቀሲስ ድረስ ነገርኩት። ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ጡሩንባ ተነፋ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባጎረስኩ ተነከስኩ ትላለህ ብዬ ፈራሁ።»

«እድርልሽ ነበር» አለ። ድምፁ አባቴን አይመስልም። «ያን ምሽት ቢጠይቀኝ ያን ምሽት እድርልሽ ነበር። ልጄ እንዲሆን የፈለግሁት እኮ እንዳይሄድብኝ ነው።»

በማግስቱ ምግብ ቤቱን ሳይከፍት ቀሲስ ባንታየሁ ዘንድ ሄደ። ያለውን በኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ «የክርስትና ልጅነቱን አንሡልኝ፤ እንግዳዬ ሆኖ ይኑር» ብሎ ለመናቸው። አባቴ በዕድሜው የሰጠውን ነገር መልሱልኝ ብሎ አያውቅም። የእኔን አልጋ እንኳ። ቀሲስ አንሥተው አቅፈው መለሱት። ቤት ሲደርስ ግቢው ውስጥ መኪናውን አጥፍቶ እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ወጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ለእናቴ እንዳንነግራት ተስማማን። ልጅ አገኘሁ ብላ ሰፈሩን ሁሉ ያዳረሰች ሴት ናት። አንድ ሰው እንኳ ደስታው ይቆይለት አልን።

ግንቦት ላይ የጫላ ጉዳይ አለቀ፤ ኖርዌይ ተቀበለችው። ኤርፖርት የሸኘነው አባቴ፣ እናቴ፣ አቤልና እኔ ነን። እናቴ በሶና ጭኮ ቋጥራለት ሻንጣው አልዘጋ ብሎ፣ እዚያው መሬት ላይ አስቀምጣው በጉልበቷ ተጭና ዘጋችው። ጫላ አዲስ ጃኬት ለብሷል። ከስቷል። ኤርፖርት እስክንደርስ ድረስ ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ እዚያ ግን ሳንፈልግ ተያየን።

የመግቢያው ሰዓት ደረሰ። ጫላ ለአባቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመ። አባቴ ቀና አድርጎ አቀፈው፤ ሲያቅፈው ቆየ። «ይቅር በለኝ» ሲለው ሰማሁ። «አባባ፣ እንዲህ አይበሉ» አለው ጫላ። እናቴ አገላብጣ ስማ መረቀችው፤ አቤልም ሳመው። እኔ ከሻንጣው ኋላ ቆሜያለሁ።

«አንቺ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለች እናቴ። «ወንድምሽን ሳሚው እንጂ።»

አባቴ ፊቱን አዙሮ የበረራ ሰሌዳውን ያነብ ጀመር።

ጫላ ወደ እኔ መጣ። ከስቴጁ እስከ ቤታችን ስንመላለስ በመካከላችን ትተን የሄድነው የአንድ ሰው ቦታ አሁን የለም። ትከሻዬን ያዘ። ጉንጬን ሳመኝ፣ ሌላውን ሳመኝ፣ መልሶ የመጀመሪያውን። በሰው ፊት፣ በአባቴ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፤ ማንም አልከለከለንም። ሦስት ሆነ፤ እጁን ከትከሻዬ አነሣ።

«አንድ ጨምሪለት» አለችኝ እናቴ። «አገሩ ሩቅ ነው።»

ጨመርኩለት።